ቀይዋ ማሽንና የባሌ ቃል

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ሰው አያክምም፤ የቤት ዕቃ ጠጋኝ ነው። የተቃጠለ ካውያ፣ ውኃ የሚያፈስ ልብስ ማጠቢያ፣ እሳት የሚተፋ የመብራት ማከፋፈያ የያዘ ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ይሰለፋል። እሱም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መቼ ጀመረው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ዕቃውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስገባ «ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» እያለ ማቀዝቀዣ ሲያባብል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን እንዲያ ብሎ አባብሎኝ አያውቅም። ይሁን፣ እኔም ተበላሽቼ አላውቅም።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ፀጉር ቤቴ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ስለሆነ ሥራ የምገባው አሥራ ስምንት ደረጃ ወርጄ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ታዲያ ቤታችን አዲስ ዕቃ ገብቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ያለን ሁሉ ባለቤቱ «በቃ፣ ይሄ አይድንም» ብሎ ጥሎት የሄደና ባሌ ያዳነው ነው። ማቀዝቀዣችን ነጭ ነው፣ በሩ ግን አረንጓዴ፤ በሩ የመጣው ከሌላ ሟች ነው። ቴሌቪዥናችን መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ሰዎቹ ቆየት ብለው ይደርሳሉ። ልብስ ማጠቢያችን ሲጨምቅ እየተራመደ ከመታጠቢያ ቤት ስለሚወጣ እኔ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ እይዘዋለሁ። ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ ለልጄ የምደውለው ያኔ ነው። ድምፄ ሲርገፈገፍባት «እማዬ፣ ልብስ እያጠብሽ ነው?» ትለኛለች።

ማለት ይቻላል ያልኩት ለምንድን ነው፣ አንድ ካውያ ነበረኝ። ለሠርጌ አክስቴ የሰጠችኝ፣ ከነማሸጊያው። በተጋባን በሦስተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ አገኘሁት። ምን ሆኖ ነው ስለው «ምንም አልሆነ፣ ውስጡን ልየው ብዬ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ዕቃሽን አልነካም ብሎ ማለልኝ። ከዚያ ወዲህ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የልጃችንን የምትዘፍን አሻንጉሊት፣ ፀጉር ቤት ያለውን ማድረቂያ ካስክ፣ ሁሉንም አልነካም ብሎ ምሎ ሁሉንም ከፍቷል። ውሸታም ሰው አይደለም። ሲምል ከልቡ ነው፣ ሲከፍትም ከልቡ ነው። እጁ ነው የማይሰማው።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ አንድ ነገር አማረኝ። ደንበኛዬ የሆነች ጡረታ የወጣች አስተማሪ አለች፣ ቲቸር ነው የምንላት። ፀጉሯን ስቀባት ልጇ ቤት ስላየችው የኤስፕሬሶ ማሽን አወራችኝ። ሰው በገዛ ወጥ ቤቱ፣ በሌሊት ልብሱ፣ አረፋ ያለው ማኪያቶ ይጠጣል አለች። እኔ እኮ በየጠዋቱ መንገድ ተሻግሬ ካፌ የምሄድ፣ ቆሜ ተገፍቼ የምጠጣ ሴት ነኝ! ቀለሙን ጆሮዋ ላይ እየቀባሁ ልቤ ሄዶ ነበር።

ለባሌ ስነግረው ፊቱ በራ። ሁለት ወር ስጪኝ፣ የተበላሸ አንድ ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም አለ። አይሆንም አልኩት። አዲስ ነው የምፈልገው፤ ማንም ያልከፈተው፣ አንተም የማትከፍተው። ለራሴ ያስቀመጥኳትን ገንዘብ አወጣሁና ጨርቄን ማቄን ሳልል ሰኞ ጠዋት ይዤው ወጣሁ። ሰኞ ፀጉር ቤቴ ዝግ ነው።

ሦስት ሱቅ ዞርን። ለካ ያስቀምሳሉ! ታዲያ ምን በወጣኝ እምቢ እላለሁ? በመጀመሪያው ሱቅ ሁለት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ደግሞ የማሽኖቹ ልዩነት በደንብ ይግባኝ ብዬ አራት ጠጣሁ። ስምንት ኤስፕሬሶ በአንድ ጠዋት። አራተኛው ላይ ጆሮዬ ጋለ። ስድስተኛው ላይ ባለ ክራባቱን ሻጭ ስለ እናቱ ፀጉር ሳይጠይቀኝ መከርኩት። ስምንተኛው ላይ ዓለም ሁሉ ወለል ብላ ታየችኝ፤ የዛሬ ዓመት የጠፋብኝ መቀስ የት እንዳለ እንኳ ትዝ አለኝ።

ባሌ አንድም አልቀመሰ። እሱ ማሽን የሚቀምሰው በጆሮው ነው። እያንዳንዷን ገልብጦ ሥሯን አየ፣ ጎኗን አንኳኳ፣ አሸተታት። ከዚያ ሻጩን ጠርቶ መጀመሪያ የሚሞተው ምኗ ነው ብሎ ጠየቀው። ሻጩ ደንግጦ፣ ጌታዬ የኛ ዕቃ አይሞትም አለው። ባሌ በሐዘኔታ አየውና «ሁሉም ይሞታል» አለው።

መጀመሪያ ያሳዩን መስታወት ፊቷ ላይ ሥዕል የሚበራላትን ነው፤ አንዴ ስትነካት ራሷ ፈጭታ፣ ራሷ አፍልታ፣ ራሷ ትታጠባለች። ባሌ፣ የቀራት መጠጣት ነው፣ እሱንም ከቻለች እኛ ምን እናደርጋለን ብሎ አለፋት። እሱ የወደደው አንድ ግራጫ ነገር ነው፤ ከባድ፣ ድብልብል፣ ሲያነሣው ያቃሰተበት። እኔ ግን ከጥግ ቀይዋን አየኋት። ትንሽ፣ ደልደል ያለች፣ ጎኗ ላይ ቀጭን የእንፋሎት ቧንቧ፣ ፊቷ ላይ የእጅ ሰዓት የምታክል መለኪያ። ውኃዋ ሲግል መርፌዋ ቀስ እያለች ሽቅብ ትወጣለች። ዱቄቱ የሚገባበትን ባለ እጀታ ማጣሪያ ራስህ ሞልተህ፣ ራስህ ጠቅጥቀህ፣ ራስህ ጠምዝዘህ ትቆልፈዋለህ። ባሌ ግራጫውን ይለኛል፣ እኔ ቀይዋን እላለሁ፤ እሱ ብረቱ ስስ ነው ይላል፣ እኔ ቀይ ናት እላለሁ። በመጨረሻ ሻጩ ሳይቀር ቀይ ናት አለ።

ልንከፍል ስንል ሻጩ ማሽኗን አዙሮ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈች ብርማ ወረቀት አሳየን። ይቺ ከተቀደደች ዋስትናው ቀረ፣ ብትበላሽ ወደኛ ጠጋኝ ማምጣት ነው አለ። ባሌ ወረቀቷን እንዴት እንዳያት ብታዩ! እዚያው ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ዞርኩበት።

«ቃል ግባልኝ» አልኩት። «ብትጮህም፣ ብታቃስትም፣ ድርቅ ብትልም አትከፍታትም።»

ማሽኗን አየ፣ እኔን አየ፣ ምራቁን ዋጠ።

«አልከፍታትም» አለ።

ስሙኝማ፣ ሱቁ የሸጠልኝ ማሽን ነው፤ እኔ የገዛሁት ግን ያቺን ቃል ነው። ቡናውማ ካፌም አለ። ይህ ሰው አንድ ጊዜ፣ ለኔ ብሎ፣ እጁን ይሰበስብልኝ እንደሆነ ለማየት ነበር ያ ሁሉ ስምንት ኤስፕሬሶ። ቤት ደርሰን ቡናው ሲሠራብኝ መጋረጃ አውርጄ አጠብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ መቀሴንም ካልኩት ቦታ አገኘሁት።

ካርቶኑን ስንከፍት አንድ ነገር ገባኝ፤ ባሌ በሕይወቱ አዲስ ዕቃ ከካርቶን አውጥቶ አያውቅም። እሱ ጋር የሚመጣው ሁሉ ራቁቱን ነው። ላስቲኩን ሲገልጥ፣ ስፖንጁን ሲያነሣ፣ ሕፃን ከፎጣ የሚያወጣ ነበር የሚመስለው። የመመሪያውን መጽሐፍ ልሰጠው ስል ሣቀብኝ። ማሽን የማያውቅ ነው መመሪያ የሚያነብ አለ። እኔም ላለማፈር ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የመጀመሪያው ቡናችን ውኃ ነበር፤ ቀጭን፣ ጎምዛዛ፣ የሚያሳፍር። ዱቄቱ ሻካራ ነው ብለን ልም አድርገን አስፈጨን። ሁለተኛው ጭራሽ አልወርድ አለ፤ ማሽኗ ታቃስታለች እንጂ ጠብ የሚል የለም። ሦስተኛው ላይ እጀታዋን በደንብ ሳልቆልፍ ቁልፉን ተጫንኩትና ኮርኒሱን ቡና አጠጣሁት። ወተቱማ እንፋሎት ሲገባበት እንደተቆነጠጠ ልጅ ስለጮኸ ጎረቤት በር አንኳኳች። ባሌ ይህ ሁሉ ሲሆን እጁን ኪሱ ከቶ በቃል ብቻ ይመክረኛል። ከኪሱ ካወጣው አያምነውማ።

በአምስተኛው ቀን የፀጉር ቀለም የምመዝንባትን ሚዛን ከታች አመጣኋት። ግራሙን ለክቼ፣ ደንበኛ ጭንቅላት እንደማሽ ጫን ብዬ ጠቀጠቅኩት፣ ቆለፍኩ፣ ባሌ ሰዓቱን ያዘ። መርፌዋ ወጣች። ከዚያ ቡናው መጣ፤ እንደ ማር እየተጎተተ፣ ላዩ ወርቅማ ክሬም ለብሶ። አንድ አንድ ፉት አልን። ከዚያ ምን እንደነካን አላውቅም፣ እኔ በሌሊት ልብሴ፣ እሱ ባንድ እግር ካልሲ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተያይዘን ዘለልን። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ያን ጠዋት ጉልበቱም ረስቶታል።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! በሥሬ ያለው ፀጉር ቤት ካፌ ሆነ። ስኒ በትሪ ደርድሬ አሥራ ስምንቱን ደረጃ እወርዳለሁ። ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ሁሉ በእጇ ማኪያቶ አላት። ወተት ላይ ልብ ልሥል እሞክራለሁ፣ ሽንኩርት ይሆናል፤ ሽንኩርቱንም ይወዱታል። ሴቶቹ ስለ ባሌ ቃል ሰምተው ይወራረዳሉ። ልጄ በስልክ ሦስት ቀን አይቆይም ብላ ነበር፣ ተሸነፈች። ቲቸር ደግሞ ሳምንት ሰጥታው ሳምንት አለፈ። እኔ በየጠዋቱ ጀርባዋን እያየሁ ብርማዋ ወረቀት ድርቅ ብላ ስትጠብቀኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማሽኗ ተንተከተከች። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ፣ ከሥሯ። ውኃውም ቀጠነ። ባሌ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ሰማሽ አለኝ። አልሰማሁም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁት፤ መስማትማ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ የባሌን ሁኔታ ላየ ያሳዝናል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ይቆማል፣ ጠ-ጠ-ጠ ስትል ዓይኑን ይጨፍናል። እጁን ሥራ ለማስያዝ ብሎ ሰሃን ያጥባል። የታጠፈ ካልሲ ፈትቶ ያጥፋል። እህል አልዋጥ አለው። የገዛንበት ሱቅ ደውለን፣ አምጧት፣ ጠጋኛችን አይቶ ባሥር ቀን ይመልሳታል አሉን። ባሌ «እንውሰዳታ» አለ። ዶክተር የገዛ ልጁን ተሸክሞ ሌላ ዶክተር ደጅ ሊሰለፍ ነው እኮ! ግን እንውሰዳት አለ። ማክሰኞ ልንወስዳት ተቃጠርን።

ቅዳሜ ዕለት ከሸሚዝ ኪሱ የማትለየውን ትንሽዋን ካቻቢቴ አውጥቶ እጄ ላይ አኖራት። «እስከ ማክሰኞ ያዢልኝ» አለኝ። «ካየኋት አልችልም።»

አንጀቴን በላው። ያን ያህል ዓመት ለምኜው ያላገኘሁትን ነገር አገኘሁ፤ አግኝቼ ግን ደስ አላለኝም፣ ሰውዬው ዓይኔ እያየ እየከሳ ነው። ክፈታት ብለው ይከፍታታል። እሱ ይከፍትና ቃሉ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ለኔ ከማሽኗ በላይ ነው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት እሱ ሱቁ ሲሄድ ነገሩ ብልጭ አለልኝ፤ ቃል የገባው እሱ ነው። እኔ ምን ገባሁ? ምንም!

ፎጣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ቀይዋን አስተኛኋት፣ ከሶኬት መነቀሏን ሦስቴ አየሁ። ብርማዋን ወረቀት በጥፍሬ ቀደድኳት፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ። ስድስት ብሎን ነበራት፤ በባሌ ካቻቢቴ እየፈታሁ ፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች እንዳይረብሹኝ በፀጉር መቆንጠጫ ወደ ጎን ያዝኳቸው። ከዚያ ውስጧን አየሁ። ቱቦ፣ ሽቦ፣ ሌላ ቱቦ። እኔ ምን አውቄ! ባሌ እንደሚያደርገው በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩና ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ዝም። «ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አልኳት። እሷም ዝም።

ተስፋ ቆርጬ ልዘጋት ቀና ሳደርጋት ግን የውኃ መያዣዋ ወልቆ መጣና ከሥሩ አንድ ነገር ዱብ አለ። ሰማያዊ ስፖንጅ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው፣ በውኃ ርሶ አብጦ የውኃውን መግቢያ የዘጋ። ሮጬ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ መመሪያውን ገለጥኩ። ገጽ ሁለት። ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፤ የውኃ መያዣውን አንሡ፣ ለመንገድ የተደረገውን ስፖንጅ አውጡ፣ ከዚያ ተጠቀሙ። በእጅ ብቻ የሚወጣ ነገር! አንድም ብሎን መንካት አያስፈልገውም ነበር። ጎንበስ ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ሣቄ ያለቀው መልሼ አጋድሜ ልዘጋት ስል ነው። ብሎኖቹ ለካ እኩል አይደሉም። አራቱ አጭር፣ ሁለቱ ረጅም፤ የቱ የየት እንደሆነ ማን ያውቃል? አንዷን አስገባለሁ፣ ሌላዋ አልገባ ትላለች። ክዳኗ ባንድ በኩል ሲገጥም በሌላ በኩል ያፈጣል። እንዲህ ስንተናነቅ በሩ ተከፈተና ባሌ ገባ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ያውም እኔ ምሳ አልሠራሁም።

ቆመ። ፎጣውን አየ፣ የተጋደመችውን ማሽን አየ፣ በፀጉር መቆንጠጫ የታሰሩትን ሽቦዎች አየ። እኔ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ቃል የገባኸው አንተ ነህ፣ ስፖንጁ ይኸው፣ ገጽ ሁለት ይኸው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ገጽ ሁለትን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስፖንጁን ጨመቀው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሣቁ ሲመጣ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ዶክተር ሲባል ኖሮ ስፖንጅ ሸወደው።

ሣቃችን በረድ ሲል ካቻቢቴዋን ዘረጋሁለት።

«ያው ተከፍታለች» አልኩት። «ከእንግዲህ የምታፈርሰው ነገር የለም። እንካ ዝጋልኝ።»

እጁ ተነሣ። አየሁት፣ ጣቶቹ ተከፈቱ። ከዚያ መለሳቸውና ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው።

«አልነካትም ብያለሁ» አለ። «ረጅሞቹ ብሎኖች ከታች ናቸው። አንቺው እሰሪያት።»

ወንበሬን ወደሱ አዙሬ ጀመርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ዕቃ ሲጠግን ያየሁት ከጀርባው ነው፣ አጎንብሶ። ፊቱ እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ግንባሩ ይቋጠራል፣ ብሎኗ በዞረች ቁጥር ከንፈሩም አብሮ ይዞራል፣ «ቀስ፣ አታስጨንቂያት፣ እንደዚያ» ይላል። አምስተኛዋ ላይ ቀና ስል ዓይናችን ተጋጠመ፤ እጄን መስሎኝ ነበር የሚያየው፣ ለካ እኔን ነው። እንደ ልጃገረድ ፊቴ ጋለ። ስድስተኛዋን አሰርኳት፣ ጥብቅ ብላ ገባች። ከዚያ የተሳሳትኩ መስዬ ፈታኋትና እንደገና ጀመርኩ።